ከቦሪ እስከ ቶኪዮ፤ ድንበር ስለ ተሻገሩ ግዙፍ አውሬዎች

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሻሸመኔ፣ በሐዋሳ፣ በዲላ፣ በያቤሎና በሜጋ አድርጎ ወደ ደቡብ የሚወርድ መንገደኛ ከሰባት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ከተጓዘ በኋላ ሞያሌ ይደርሳል። ሞያሌ በአንድ ስም የምትጠራ ሁለት ከተማ ናት፤ አንደኛዋ በኢትዮጵያ፣ ሁለተኛዋ በኬንያ ትገኛለች። ቦሪ በዚያኛው ወገን፣ በማርሳቢት ግዛት በሞያሌ ሥር ያለች መንደር ናት። ከዚያ ወዲያ አገሩ ወደ ጎልቦ ሜዳ ይወርዳል፤ ግራሩ እየሳሳ ይሄድና ዓይን የሚያርፍበት ነገር ያጣል። ወደዚህ ስንመጣ ዱብሉቅ ላይ ጥቂት ቆመን ነበር። በዚያ የቦረና ጐልማሶች በጥልቁ ጕድጓድ ውስጥ ከታች እስከ ላይ ተደርድረው ውኃውን እየተቀባበሉ በዜማ ያወጡታል። ይህን ያየ ሰው በዚህ አገር ስለ ከብት ሲነገር ስለ ውኃ እንደሚነገር ወዲያው ይገባዋል።

ድንበሩን የሚሻገር ሰው ብዙ ነገር ይለወጥበታል። በኢትዮጵያ በቀኝ ሲነዳ የነበረው መኪና ኬንያ ሲገባ በግራ ይነዳል። የኪሱ ብር ሽልንግ ይሆናል። ዓመቱም በአንድ ጊዜ በሰባት ወይም በስምንት ይጨምርበታል። ሰዓቱ ግን አይለወጥበትም፤ የስዋሂሊ ተናጋሪዎችም እንደኛው ከንጋት ጀምረው አንድ ሰዓት፣ ሁለት ሰዓት እያሉ ይቈጥራሉና። ኅዳር 30 ቀን 2013 ዓ.ም. የሁለቱ አገሮች መሪዎች ተገኝተው የጋራውን የድንበር ኬላ ከመረቁት ወዲህ መንገደኛና ዕቃ በአንድ ቦታ ይፈተሻሉ። ዕቃው ይራገፋል፣ ይቈጠራል፣ ቀረጥ ይከፈልበታል። ተንቀሳቃሽ ሥዕል ግን ከጥፍር በማትበልጥ ማኅደር ውስጥ ሆኖ በኪስ ያልፋል፤ ቀራጭም አይጠይቀውም። ይሁን እንጂ ፊልምም ድንበር ሲሻገር ከጭነቱ የሚራገፍ ነገር አለው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ነው።

በኬንያ ከተሞችና መንደሮች የባዕድ አገር ፊልም በስዋሂሊ እየተተረከ የሚታይባቸው የቪዲዮ ቤቶች አሉ። በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ዲጄ አፍሮ የሚባለው ተራኪ ነው። ተራኪው ንግግሩን በመተርጐም ብቻ አይወሰንም፤ ይቀልዳል፣ ይፈርዳል፣ ለተዋናዮቹ የሠፈር ስም ያወጣላቸዋል። ይህ ዘዴ ለጃፓኖች እንግዳ አይደለም። ድምፅ አልባ ፊልም በነበረበት ዘመን በጃፓን ሲኒማ ቤቶች «ቤንሺ» የሚባሉ ተራኪዎች ከማያው አጠገብ ቆመው ታሪኩን ለተመልካች ይናገሩ ነበር። ከቤንሺዎቹም አንዳንዶቹ ከተዋናዮቹ ይልቅ የታወቁ ነበሩ።

እኛም በቦሪ ባደርንበት ሌሊት ይዘነው የሄድነውን የመጀመሪያውን የጎጂራ ፊልም በትንሽ ማያ ከፍተን ተመለከትን። በሌላው ዓለም ጎድዚላ የሚባለው ይኸው ነው። ቁመቱ 50 ሜትር ነው ተብሎ የተፈጠረ ስለ ሆነ፣ ከሮም ከተመለሰው ከአክሱም ሐውልት እጥፍ ይበልጣል ማለት ነው። አንድ የቦረና አርብቶ አደር ይህን ፍጥረት ቢያይ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ውኃ የሚጠጣው ከየትኛው ጕድጓድ ነው?» ብሎ ይመስለናል።

አማርኛ የሚማር ሰው እዚህ ላይ ጥቂት ቢቆም ይጠቅመዋል። ጃፓኖች እንዲህ ያለውን ፍጥረት «ካይጁ» ይሉታል፤ እንግዳ አውሬ እንደ ማለት ነው። እኛ ምን ብለን እንጥራው? «ጭራቅ» ብንለው አይገጥምም፤ የተረታችን ጭራቅ ሰው መሳይ ሆኖ ሰው የሚበላ ነውና። ኦሮምኛ ተናጋሪው «ቡልጉ»፣ ስዋሂሊ ተናጋሪው «ዚምዊ» የሚሉትም ወደዚሁ ወደ ጭራቅ የቀረበ ነው። «ዘንዶ» እንዳንለው ዘንዶ በደረቱ ይሳባል፤ ይህኛው በሁለት እግሩ ቆሞ ይሄዳል። የሚሻለው «አውሬ» ነው። ቃሉ ከግዕዙ «አርዌ» ጋር የተዛመደ ሲሆን፣ አርዌ ደግሞ አውሬም እባብም ማለት ነው፤ ሲበዛ «አራዊት» ይሆናል።

አርዌ ሲባል የአክሱም አፈ ታሪክ ይታወሳል። በአፈ ታሪኩ መሠረት አርዌ የተባለ ዘንዶ በአገሩ ላይ ነግሦ ከሕዝቡ ልጃገረድና ከብት ይገበርለት ነበር፤ አንጋቦ የሚባል ሰው መርዝ በበላች ፍየል ገደለው፤ ኋላም ነገሠ። ሠዓሊዎቻችን ይህን ታሪክ ከንግሥተ ሳባ ታሪክ ጋር አያይዘው በሸራ ላይ ብዙ ጊዜ በ44 ትንንሽ ክፍሎች ከፍለው ይሥሉታል። ዛሬ ልጆች በካርቱን መጽሐፍ ሥዕል በሥዕል እየተከተሉ እንደሚያነቡት ያለ ነው። በጎጂራ ፊልም ውስጥም ኦዶ በምትባል ደሴት የሚኖር አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ፣ በድሮ ዘመን ዓሣ ሲጠፋ አውሬውን ለማስታገሥ ልጃገረዶች ይሠዉለት እንደ ነበር ያወራል። በእርሱና በአርዌ መካከል ስንት ባሕር እንዳለ ስናስብ ነገሩ ያስደንቃል።

ነገር ግን ጎጂራን የወለደው የጥንት ተረት ብቻ አይደለም። የካቲት 22 ቀን 1946 ዓ.ም.፣ እኛ የዓድዋን በዓል ለማክበር በምንዘጋጅበት ዋዜማ፣ አሜሪካኖች በሰላማዊው ውቅያኖስ ባለችው በቢኪኒ ደሴት የሃይድሮጂን ቦምብ ሞከሩ። ኃይሉ ሂሮሺማን ካጠፋው ቦምብ አንድ ሺህ ጊዜ ያህል ይበልጥ ነበር። አደገኛ ነው ተብሎ ከታወጀው ክልል ውጭ ቱና የሚባለውን ዓሣ በማጥመድ ላይ በነበረች አንዲት የጃፓን የእንጨት ጀልባ ላይ ነጭ አመድ እንደ ካፊያ ወረደባት። ጀልባይቱ ዳይጎ ፉኩሪዩ ማሩ ትባላለች፤ ዕድለኛው ዘንዶ ቍጥር አምስት ማለት ነው። ሃያ ሦስቱም መርከበኞች ታመሙ። የሬዲዮ ሠራተኛው አይኪቺ ኩቦያማ በ40 ዓመቱ መስከረም 13 ቀን 1947 ዓ.ም. ዐረፈ። ጃፓኖች ያን አመድ «የሞት አመድ» አሉት።

ፊልሙ በሲኒማ ቤት የታየው ከዚያ ሞት በኋላ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ጥቅምት 24 ቀን 1947 ዓ.ም. ነው። የቶሆ ኩባንያ አዘጋጅ ቶሞዩኪ ታናካ ሐሳቡን አመነጨ፤ ኢሺሮ ሆንዳ ዳይሬክተር ሆነ። ፊልሙ የሚጀምረው ባሕሩ በድንገት ሲያበራና አንዲት መርከብ ስትጠፋ ነው። በዚያን ጊዜ በሲኒማ ቤት የተቀመጠ ጃፓናዊ ስለ የትኛዋ ጀልባ እንደሚነገረው የሚነግረው ሰው አላስፈለገውም።

ስለ አሠራሩም ጥቂት እንናገር፤ ወዳጆቹ የሚወዱት አንዱ ነገር ይኸው ነውና። የልዩ ሥዕሎቹ ሊቅ ኤይጂ ጹቡራያ አስቀድሞ የአሜሪካኖቹ «ኪንግ ኮንግ» በ1925 ዓ.ም. እንደ ተሠራበት ዘዴ አሻንጉሊቱን በጥቂት በጥቂቱ እያንቀሳቀሰ ለማንሣት ይመኝ ነበር። ሆኖም ጊዜው ስለማይበቃው የሰው ልጅ በአውሬው ልብስ ውስጥ እንዲገባ አደረገ። የገባውም ሐሩኦ ናካጂማ ነው። ልብሱ መቶ ኪሎ ያህል ይመዝን ነበር ይባላል፤ በመብራቱ ወላፈን ላብ እያሰጠመው ጥቂት ደቂቃ እየሠራ ይወጣ ነበር። አካሄዱን ለመማር ወደ ዑዌኖ የአራዊት መጠበቂያ ሄዶ ዝሆኑና ድቡ እንዴት እንደሚራመዱ ሲመለከት ሰነበተ። የቶኪዮ ከተማ ከእውነተኛው መጠን በሃያ አምስት እጅ አንሳ ከተሠራች በኋላ ሰውዬው ረገጣት። ካሜራው ፈጥኖ ስለሚቀርጽ ሥዕሉ በማያ ላይ ሲታይ ይዘገያል፤ አውሬውም ከባድ ሆኖ ይታያል። ብልሃቱ ይህን ያህል ቀላል ነው።

ድምፁን ያገኘለት ደግሞ ሙዚቃውን የደረሰው አኪራ ኢፉኩቤ ነው። ኮንትራባስ የሚባለውን ትልቅ የክር መሣሪያ ጅማት አላልቶ፣ በጥድ ሙጫ በተቀባ የቆዳ ጓንት ሳበው፤ የተሰማው ጩኸት ቀርፋፋ ሆኖ ሲሰማ የአውሬው ድምፅ ሆነ። ይህን ስናነብ ማሲንቆ መቺው የደጋኑን ጭራ ሙጫ ሲቀባው ትዝ አለን። ከቦሪ ዙሪያ ካለው ከቦረና ቆላ የሚለቀመው ሙጫና ዕጣንም ለስንት ዓይነት ድምፅ እንደሚበቃ እግዚአብሔር ያውቃል።

እንግዲህ ወደ ቀደመው ነገራችን እንመለስና፣ ይህ ፊልም ድንበር ሲሻገር ከጭነቱ ምን ተራገፈ? በጃፓንኛው ፊልም ውስጥ ከተማይቱ ስትቃጠል አንዲት እናት በግንብ ሥር ልጆቿን አቅፋ ተቀምጣ፣ አሁን ወደ አባታችሁ መሄዳችን ነው ብላ ታባብላቸዋለች። ይህ የጦርነቱ ሙታን ድምፅ ነው። ዶክተር ሰሪዛዋ የሚባለው ሊቅ ደግሞ አውሬውን ሊገድል የሚችል፣ ከቦምቡ የማይተናነስ መሣሪያ አለው፤ ነገር ግን መንግሥታት ይወስዱብኛል ብሎ ይሰጋል። በመጨረሻ ልቡ የሚለወጠው ልጃገረዶች ስለ ሰላም በኅብረት ሲዘምሩ አይቶ ነው። ወረቀቶቹን ሁሉ በእሳት ያቃጥላል፤ ከባሕሩም በታች ወርዶ መሣሪያውን ከለቀቀ በኋላ ራሱን ያነሡበት የነበረውን ገመድ በጩቤ ቈርጦ ከምስጢሩ ጋር ይቀራል። በመዝገብ ቤት ሥራ ላይ ያለ አንባቢያችን ስለ ተቃጠለው ወረቀት ምን እንደሚያስብ ማወቅ እንወዳለን።

ፊልሙ በ1948 ዓ.ም. አሜሪካ ሲገባ 96 ደቂቃው ወደ 80 ያህል አጠረ። ሬይመንድ በር የሚባል ተዋናይ የአሜሪካ ጋዜጠኛ ሆኖ በመካከሉ ተጨመረ፤ ስለ ቦምቡ ከሚነገረው ብዙው ተቈርጦ ቀረ። በሌላው ዓለም የተዘዋወረው በአብዛኛው ይህ ነው። የጃፓንኛው ቅጂ በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች በሰፊው የታየው በ1996 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከ48 ዓመት በኋላ ማለት ነው። በዚህ ሁሉ ዘመን አውሬው ያለ ኀዘኑ ሲጓዝ ቈየ። የዓለም ልጆች ግን አውሬውን ወደዱት። ለምን ወደዱት ብንል፣ ኀዘኑ ከጽሑፉ ቢቈረጥም ከአካሉ ሊቈረጥ ስላልቻለ ይመስለናል። በባሕር ሥር ተኝቶ የነበረውን አውሬ የቀሰቀሰውና ያቃጠለው የሰው ቦምብ ነው። ሲያፈርስ ብናየውም እርሱ ራሱ የተበደለ መሆኑን ሕፃን እንኳ ያውቀዋል።

ከዚያ ወዲህ ቶሆ ሌሎች አውሬዎች አወጣ፤ አውሬዎቹም እየዋሉ እያደሩ ለመዱ። ታኅሣሥ 1957 ዓ.ም. የወጣው የባለ ሦስት ራሱ የጊዶራ ፊልም በሞያሌ ቢታይ ትልቅ ሣቅ የሚያስነሣ ክፍል አለው። ሞስራ የምትባለው አባ ጨጓሬ ጎጂራንና በራሪውን ሮዳንን ጠብ አቁመው ምድርን እንዲከላከሉ ትለምናቸዋለች፤ እነርሱም ሰዎች እኛን መች ወደዱንና ብለው ይከራከራሉ። የአውሬዎቹን ንግግር ለሰዎቹ የሚያስተረጕሙት ሁለት ትንንሽ መንታ ሴቶች ናቸው። ቦረናዎች በየስምንት ዓመቱ ጉሚ ጋዮ በሚባለው ትልቅ ጉባኤያቸው ተሰብስበው ስለ ሕጋቸው ይመክራሉ፤ በዚያ ጉባኤ ያደገ ሰው የአውሬዎቹን ክርክር ሳይተረጐምለት ይረዳዋል። እምቢ ባሉ ጊዜ ሞስራ ብቻዋን ወደ ጦርነቱ ትሄዳለች። ይህን አይተው ነው ሁለቱ የተከተሏት።

በሞስራ ነገር ግን ትንሽ እንቆይ። በሐምሌ 1953 ዓ.ም. በወጣው ፊልሟ አንድ ነጋዴ እነዚያን ትንንሽ መንታ ሴቶች ከደሴታቸው ሰርቆ ለትርኢት ያስዘፍናቸዋል፤ ግዙፏ የእሳት ራት ውቅያኖስ አቋርጣ ልትመልሳቸው ትመጣለች። የተሰረቀ ሰው ስለሚያስመልስ ነፍሳት የተሠራ ውብ ታሪክ ነው። ይሁንና በዚህ አገር ክንፍ ስላለው ነፍሳት ያለው ትዝታ ሌላ ነው። በ2012 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ምሥራቅ ኢትዮጵያንና ሶማሊያን አልፎ በታኅሣሥ ወር ወደ ሰሜን ኬንያ ገባ፤ በኬንያ በ70 ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ አልታየም ተባለ። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን መንጋ 35,000 ሰው የሚበላውን ያህል በቀን ይበላል። ከዚያም በላይ ዝናቡ በተከታታይ ለአምስት ወቅቶች ተቋረጠና በቦረናና በማርሳቢት ከብቱ በየመንገዱ ወደቀ። እንግዲህ በፊልሙ ውስጥ ሞስራ ወደ ቶኪዮ የምትመጣበት ክፍል፣ በቦሪ ለሚያይ ሰው ተረት ብቻ ሆኖ አይቀርም። ከሩቅ የሚመጣ፣ የማያየንና የማይሰማን ትልቅ ነገር ምን እንደሚመስል ያውቃል። ጃፓኖቹም የሚያውቁት ይህንኑ ነበር።

ቤተ ሰብ ላላቸው አንባቢዎቻችን አንድ ነገር እንመክራለን። የመጀመሪያው የጎጂራ ፊልም ለሕፃን አይሆንም፤ ዐሥራ ሁለት ዓመት ከሞላው ልጅ ጋር አብሮ ተቀምጦ ማየትና ስለ ጀልባይቱ መንገር ይሻላል። ለትንንሾቹ በ1970 ዓ.ም. ማብቂያ ሃና ባርቤራ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ያወጣው የጎድዚላ ካርቱን አለ። በዚያ አውሬው የመርከበኞች ረዳት ሆኖአል፤ ጎድዙኪ የሚባል፣ እሳት ልትፋ ብሎ ጢስ ብቻ የሚወጣው ትንሽ ዘመድም አለው። ሥዕሉ ያማረ ነው ለማለት አንደፍርም፤ ልጆች ግን ይሥቁበታል። ጹቡራያ ራሱም በ1958 ዓ.ም. «አልትራማን» የተባለውን የቴሌቪዥን ተከታታይ አውጥቶ በየሳምንቱ አንድ አውሬ በየቤቱ አስገብቶአል።

ኢትዮጵያና ጃፓን በእነዚያ ዓመታት ሳይተዋወቁ አልቀሩም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኅዳር 1949 ዓ.ም. ጃፓንን ጐበኙ፤ የሮዳን ፊልም የታየው በሚከተለው ወር ነው። ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. ደግሞ አበበ ቢቂላ በቶኪዮ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ አሸነፈ። ሯጮቹ ከስታዲዮሙ ወጥተው በኮሹ ጐዳና ሄደው የተመለሱት ቾፉ በምትባል ቦታ ነው። በዚያችው በቾፉ ዳይኤይ የሚባለው የቶሆ ተፎካካሪ ፊልም መሥሪያ ቤት ነበረው፤ አበበ ዞሮ በተመለሰ በዓመቱ ጋሜራ የተባለውን ግዙፍ ዔሊ አወጣ። ጋሜራ ከሰሜን ዋልታ በረዶ ሥር በአቶሚክ ቦምብ የተቀሰቀሰ ነው፤ ቢሆንም ራሱ ካፈረሰው የመብራት ግንብ ላይ የወደቀውን ሕፃን በእጁ ተቀብሎ በደኅና ያወርደዋል። የልጆች ወዳጅ የተባለው ከዚያ ወዲህ ነው። ዔሊው እሳት እየተፋ እንደ መንኰራኵር ሲበር ማየት፣ እኛ እንደምናምነው፣ ከሁሉም የበለጠ ደስ ይላል።

የእነዚህ ፊልሞች ወዳጆች ዛሬ በብዙ አገር አሉ። በአሜሪካ በሺካጎ አካባቢ በየዓመቱ ከነቤተ ሰባቸው እየተሰበሰቡ የድሮዎቹን ፊልሞች ያያሉ፣ የጎማ አሻንጉሊቶች ይለዋወጣሉ፣ ልጆቻቸውን በአውሬ ልብስ ያሰልፋሉ። ጎጂራ የወጣበትን ቀን እንደ ልደት ያከብሩታል። ጥቅምት 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በታካሺ ያማዛኪ የተሠራው አዲሱ ፊልም በጃፓን ታየ፤ 35 ሠራተኞች ብቻ በሠሩት የ610 ሥዕሎች ብልሃት መጋቢት 1 ቀን 2016 ዓ.ም. የኦስካርን ሽልማት አገኘ። ታሪኩ ከጦርነቱ በኋላ በፈረሰችው ቶኪዮ ነው። በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የገባውም በጃፓንኛ እንዳለ፣ ጽሑፍ ከሥር ተጨምሮለት ነው። በ1948 ዓ.ም. ኬላው ላይ የተራገፈው ጭነት በዚህ ጊዜ አብሮ ተሻግሮአል።

ቶኪዮ የሚሄድ ሰው ከሺንጁኩ ሕንፃ በላይ ብቅ ያለውን የጎጂራ ራስ ያያል፤ በሂቢያም ከሐውልቱ ሥር ቆሞ ፎቶግራፍ ይነሣል። ጊዜ ካለው ግን ሺን ኪባ ከሚባለው ጣቢያ ወርዶ ወደ ዩሜኖሺማ መናፈሻ ይሂድ። ቦታው ድሮ የከተማው ቈሻሻ የሚደፋበት ነበር። ዳይጎ ፉኩሪዩ ማሩ ካገለገለች በኋላ ስሟ ተለውጦ፣ አርጅታም፣ በዚያ ተጥላ ተገኘች፤ ሰዎች ተባብረው አዳኗትና በ1968 ዓ.ም. ቤት ተሠራላት። ከእንጨት ናት፤ ወደ 30 ሜትር ገደማ ትረዝማለች። ሞተሯም ኋላ ከባሕር ወጥቶ በደጅ ተቀምጦአል። ለመግቢያ ገንዘብ አይጠየቅም።